ሰው ሲለወጥ ስሙ ስለሚቀጥል የሙዚቃ ባንድ

አንድን የሙዚቃ ባንድ ያቋቋሙት ሰዎች አንድ በአንድ ወጥተው በምትካቸው ሌሎች ቢገቡ፣ በመጨረሻም ከመሥራቾቹ አንድ ስንኳ ባይቀር፣ ያ ባንድ ያው የቀድሞው ነው ወይስ ሌላ? ጥያቄው ሲሰሙት ሥራ ፈት የሚጫወትበት እንቆቅልሽ ይመስላል። በሐዋሳ ከተማ በሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ተቀጥሮ ጊታር ለሚመታ ሰው ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። የባንዱ ባለቤት ነገ ሌላ ጊታር መቺ ቢያመጣ በበሩ ላይ የተሰቀለው ስም አይለወጥም፤ እንግዳውም እንደ ልማዱ ገብቶ ይስተናገዳል፤ ዘፈኖቹም እነዚያው ናቸው። የሚለወጠው የአንዱ ሰው ኑሮ ብቻ ነው። እንግዲህ ስሙ የማን ነው? ዜማውንስ ይዞት የሚሄደው ማን ነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአገራችን ከታወቁት የሙዚቃ ባንዶች ጥቂቶቹን እየጠቀሰ፣ ባንድ ሰው እየለወጠ ሊቀጥል የሚችለው በምን ምክንያት እንደ ሆነ፣ ሳይችል የሚቀረውም መቼ እንደ ሆነ ማስረዳት ነው። ዘመኑ በአገራችን አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን እ.ኤ.አ. ተብሎ ተጽፏል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደ ተረከው፣ የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ለብዙ ዘመን ጠብቀው ሲያቆዩ የበሰበሰውን ሳንቃ እያነሡ በአዲስ ይተኩ ስለ ነበረ፣ ፈላስፎቹ ገሚሶቹ መርከቧ ያችው ናት፣ ገሚሶቹ አይደለችም እያሉ ይከራከሩ ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ክርክር ሰምቼ አላውቅም። የሣር ቤት በየጥቂት ዓመቱ ክዳኑ ይለወጣል፣ ማገሩ ይታደሳል፣ ምሰሶውም ሲያረጅ ይተካል፤ ቤቱ ግን የአያት ቤት መባሉን አይተውም። ሆኖም ባለቤቱን ቀስ በቀስ በታደሰ ቤትና አንድ ጊዜ ፈርሶ በተሠራ ቤት መካከል ልዩነት አለ ወይ ብለን ብንጠይቀው፣ አዎን አለ ይለናል። ይህን ልዩነት አንባቢው በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

በሲዳማ ሕዝብ ዘንድ ያለው የሉዋ ሥርዓት ደግሞ ከቤቱ ይልቅ ለጉዳያችን ይቀርባል። ሉዋ የዕድሜ እርከን ሥርዓት ሲሆን፣ ዳራራ፣ ፉላሳ፣ ሂርቦራ፣ ዋዋሳና ሞጊሳ የሚባሉ አምስት ስሞች አሉት። እነዚህም በየሰባት ዓመቱ ገደማ አንዱ ለሌላው ተራውን እየለቀቀ ይዞራሉ። ዙሩ ሞልቶ አንድ ስም ዳግመኛ ሲመጣ የሚሸከሙት ሰዎች ሌሎች ናቸው፤ ልጆች ወይም ከዚያም በታች ያሉ ናቸው። ነገር ግን ስማችንን ወሰዳችሁ ብሎ የሚከስሳቸው የለም። ምክንያቱም ማን ገብቶ ማን እንደሚወጣ፣ መቼም እንደሚወጣ፣ አስቀድሞ ሁሉም ያውቀዋል። የሚገርመው፣ በፖርቶ ሪኮ እ.ኤ.አ. በ1977 የተቋቋመው ሜኑዶ የተባለው የልጆች የዘፈን ባንድ ሉዋን ሳያውቅ ይህንኑ የመሰለ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ አባሉ ዕድሜው ከልጅነት ሲያልፍ ለታናሹ ቦታውን ይለቅቃል። ዛሬ በዓለም የታወቀው ሪኪ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1984 የገባውና በ1989 የወጣው በዚሁ ደንብ ዘመን ነው። የመተካካት ሕግ ባለበት ቦታ የሰው መለወጥ ጠብ አያነሣም፤ የእኛ የዘመናዊ ሙዚቃ ባንዶች ታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሕግ ሳይኖር የተጓዘ ታሪክ ነው።

በአገራችን ለዘመናዊው ሙዚቃ መሠረት ከጣሉት አንዱ የ«አርባ ልጆች» ባንድ ነው። በ1916 ዓ.ም. ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ፣ በኦቶማን ቱርክ ግዛት ከደረሰው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆች በናስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ደስ ስላላቸው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ የተዘመረውን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ የደረሱ ሰው ናቸው። የልጆቹ ውል ሲያበቃ ጓዱ ተበተነ። እንግዲህ ስሙን ብቻ ብንከተል ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ነገር ግን ኬቮርክ በኢትዮጵያ ኖረው አስተማሩ፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ተከትለዋቸው መጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 እስኪሞቱ ድረስ በማዘጋጃ ቤት፣ በፖሊስ፣ በክብር ዘበኛ፣ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ያሉትን ሙዚቀኞች አሠለጠኑ። ስሙ ሞተ፤ ሙያው ግን ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። ይህ የመጀመሪያው ምሳሌያችን ነው፤ የሚቀጥለው ደግሞ ግልባጩ ነው።

የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራና የፖሊስ ኦርኬስትራ የመሳሰሉት የተቋም ባንዶች ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ሙዚቀኛው ደመወዝ የሚቀበል የጦር ወይም የፖሊስ ባልደረባ ነበረ። ጥሩምባው፣ ከበሮው፣ ልብሱ፣ የልምምዱ አዳራሽ፣ ሁሉም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ ሰው ሲወጣ ሌላ ይቀጠራል፤ ስሙም ከመዝገብ አይፋቅም። የእነዚህ ባንዶች ጥንካሬ ከባድ ፈተና የገጠመው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነበር። መፈንቅለ መንግሥቱን ያስነሣው ክብር ዘበኛው ስለ ነበረ፣ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዋና ድምፃዊ የነበሩት ጥላሁን ገሠሠ ታሰሩ፤ ከዚያም በኋላ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተዛወሩ። ይህ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የሃያ አምስተኛ ዓመት የዘውድ በዓል የተመረቀው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው።

የጥላሁንን ያህል ድምፅ ያጣ ባንድ ይፈርሳል ብሎ የሚገምት ሰው አይፈረድበትም። ዳሩ ግን አልፈረሰም። በእነዚያው ዓመታት በአዲስ አበባ አሪዞና በሚባለው የምሽት ክበብ ውስጥ ሥራ ይዘው የሚያገለግሉ አንድ ወጣት ነበሩ። የኦርኬስትራው ሰዎች ወደዚያ ክበብ ይመላለሱ ነበር። አንድ ማታ የተለመዱት ዘፋኞች ሳይመጡ ስለ ቀሩ፣ ወጣቱ እንዲዘፍኑ ፈቃድ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። እኒህ መሐሙድ አሕመድ ናቸው። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ቆዩ። አንባቢው ልብ ቢለው፣ በአገራችን ከታላላቆቹ አንዱ የሆኑት ድምፃዊ ወደ ሙያው የገቡት በጎደለ ቦታ ተተክተው ነው። ስለ ተተኪ ሰው ስንናገር ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ያነሰ አድርገን እንገምታለን፤ ይህ ልማድ ምን ያህል የተሳሳተ እንደ ሆነ ለማየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

የተቋም ባንድ የሚሞተው እንግዲህ ሰው ሲወጣበት ሳይሆን ተቋሙ ራሱ ሲሞት ነው። ክብር ዘበኛው በአብዮቱ ሲፈርስ ስሙን ሊያቆየው የሚችል ሙዚቀኛ አልነበረም፤ ምክንያቱም ስሙ ከቶ የሙዚቀኞቹ ሆኖ አያውቅም።

ከተቋም ባንዶች ቀጥሎ የሆቴልና የክበብ ባንዶች መጡ። ራስ ባንድ ስሙን ያገኘው ከራስ ሆቴል ነው፤ ሸበሌ ባንድም እንዲሁ ከዋቢ ሸበሌ ሆቴል። ሐዋሳ የሚኖር ሰው ይህን ሁለተኛውን ስም ሲሰማ በሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል ትዝ ይለዋል። በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ የሙዚቃ መሣሪያው የክበቡ ወይም የሆቴሉ ባለቤት ስለ ነበረ፣ ሙዚቀኛው ከእጁ ሙያ በቀር ይዞት የሚገባውም ይዞት የሚወጣውም ነገር አልነበረውም። ከአንዱ ሆቴል ወደ ሌላው ሲዛወር ስሙን በር ላይ ትቶት ይሄዳል። አንድ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ በሦስት ስም ቢጠራ አያስገርምም።

ይህን ልማድ የለወጡት፣ መሣሪያቸውን ራሳቸው ይዘው ከሆቴል ጋር እንደ እኩል መዋዋል የጀመሩት ባንዶች ናቸው። ከእነርሱም ውስጥ ሁለቱን ጠለቅ ብለን እንይ። የሚያስቀው ሁለቱም በአንድ እንስሳ ስም መጠራታቸው ነው፤ አንደኛው ዋልያስ ተባለ፣ ሁለተኛው ያንኑ የሰሜን ተራራ ፍየል በፈረንጅኛ ጠርቶ አይቤክስ ተባለ።

አይቤክስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ታዋቂ ሆነ። መሐሙድ አሕመድ «ኤረ መላ መላ»ን በ1975 እ.ኤ.አ. ሲያስቀርጹ ያጀባቸው ይህ ባንድ ነው። በቤዝ ጊታር ጆቫኒ ሪኮ፣ በሊድ ጊታር ሰላም ሥዩም፣ በሣክስፎን ፈቃዱ አምደመስቀል ነበሩበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አይቤክስ የሚለው ስም ቀርቶ ሮሃ ባንድ ተባለ፤ ሮሃ የላሊበላ የጥንት ስም መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስሙ ተለወጠ እንጂ ሪኮና ሰላም ቦታቸውን አልለቀቁም። ሌሎች ገቡ፤ ሌሎች ወጡ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከወጡት ካሴቶች እጅግ ብዙዎቹን ያጀበው ሮሃ ባንድ ነው፤ ጥላሁን ገሠሠ፣ መሐሙድ አሕመድ፣ ኤፍሬም ታምሩ፣ ነዋይ ደበበ፣ ሁሉም በሮሃ ታጅበዋል። ዛሬም የዚያን ዘመን ካሴት የሚያዳምጥ ሰው፣ ዘፋኙ ማንም ይሁን ማን፣ ቤዙና ጊታሩ እንደ ተማከሩ ሆነው ሲሄዱ ያውቃቸዋል። አንድ ሰው ስሙ በመለወጡ አይቤክስ ጠፋ ቢል ጆሮው ራሱ ይመሰክርበታል።

የዋልያስ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ሲጫወት ቆየ። የሰዓት እላፊው ዘመን ነበረና እንግዶቹ ቤታቸው መግባት ስለማይችሉ ሙዚቃው እስከ ንጋት ይዘልቅ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ አንድን ባንድ ምን ያህል እንደሚያስተሳስረው መገመት ይቻላል፤ በየሌሊቱ ሰዓታት ሙሉ አብሮ የሚጫወት ሰው የጓደኛውን ትንፋሽ ያውቃል። በኦርጋን ኃይሉ መርጊያ፣ በሣክስፎን ሞገስ ሀብቴ፣ በቤዝ መላከ ገብሬ፣ በትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ፣ በድራም ተማረ ሐረጉ ነበሩበት፤ ግርማ በየነም በፒያኖና በቅንብር የታወቁ ናቸው። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1977 ወጥቶ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይደመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከኢትዮጵያ ዘመናዊ ባንዶች በዚያ አገር ተዘዋውሮ ለመጫወት የመጀመሪያው ነበረ። ጉዞው ሲያበቃ ግርማ በየነ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ የተቀሩት ወደ አገራቸው ተመለሱ። እንግዲህ ዋልያስ የት ነው? ዋሽንግተን ነው ወይስ አዲስ አበባ? ኦርጋኑ፣ ሣክስፎኑና ቤዙ ከውቅያኖስ ማዶ፣ ትራምፔቱና ድራሙ ከውቅያኖስ ወዲህ ሆኑ። ከቀሩት መካከል ሦስቱ ዙላ ባንድ በሚል በሌላ ስም መጫወት ጀመሩ፤ ኃይሉ መርጊያም በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዱ ኖሩ። በ2013 እ.ኤ.አ. የቆየ ሥራቸው እንደ ገና ታትሞ ሲወጣ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ ነገር ግን የተመለሱት በራሳቸው ስምና በሌሎች አጃቢዎች ነው።

ሁለቱን ባንዶች አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጥ ነገሩ ይገለጣል። አይቤክስ ስሙን ለወጠ፤ ሰዎችም በየጊዜው ለወጠ፤ ነገር ግን አዲሱ ሲመጣ ሁልጊዜ አሮጌው ነበረ። አዲሱ ጥሩምባ ነፊ ዜማው እንዴት እንደሚገባ፣ የት እንደሚቆም፣ ዘፋኙ ሲረሳ እንዴት እንደሚሸፈንለት ከሪኮና ከሰላም ሊማር ይችላል። ዋልያስ ግን በአንድ ጀምበር ገሚሱን አጣ፤ ያውም ሌላውን ሊያስተምር የሚችለውን ገሚስ። በእኔ አስተያየት ባንድን የሚገድለው የሰው መለወጥ አይደለም፤ የሚገድለው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መለወጡ ነው። ከላይ አንባቢው እንዲይዝልኝ የለመንሁት የቤቱ ምሳሌ ይኸው ነው፤ ምሰሶው ቆሞ ሣሩ ቢለወጥ ቤት ነው፤ ምሰሶውና ሣሩ አብረው ሲነሡ ግን የሚቀረው ቦታው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ተቃራኒ ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። በወረቀት የተጻፈ ኖታ ካለ፣ አሮጌው ሰው ባይኖርስ ምን ይጎዳል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት አለው። አሜሪካዊው ግሌን ሚለር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1944 በአውሮፕላን ሲጓዝ ጠፍቶ ቀረ፤ በስሙ የሚጠራው ኦርኬስትራ ግን በ1956 እ.ኤ.አ. በወራሾቹ ፈቃድ እንደ ገና ተቋቁሞ ሰዎቹን እየለወጠ ቀጥሏል፤ ምክንያቱም የእያንዳንዱ መሣሪያ ድርሻ ተጽፎ ይገኛል። እኛም ዘንድ ነርሲስ ናልባንዲያን ለትልቅ ኦርኬስትራ የጻፏቸው ቅንብሮች ነበሩ፤ እርሳቸው ከሞቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ሥራዎቻቸውን ተጫውቷል። ይህ ኦርኬስትራ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ሰው እየለወጠ የኖረ መሆኑ ነገሩን ያጣፍጠዋል። ነገር ግን የሆቴል ባንዶቻችን በአመዛኙ በጆሮ የሚሠሩ ናቸው። ዘፈኑ ያለው በሰዎቹ ውስጥ ነው፤ ሰዎቹ ሲሄዱ አብሯቸው ይሄዳል። ኖታ የማንበብ ችሎታ ቢኖር እንኳ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል በወረቀት ላይ አምስት አምስት ድምፆች ብቻ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንሸራተት በኖታ ሙሉ በሙሉ አይያዝም።

ሌላም ነጥብ አለ። በፈረንጆች አገር ባንድ ሲባል ብዙ ጊዜ ዘፋኞቹ ራሳቸው ባንዱ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ፊት ሲጠፋ ሕዝቡ ወዲያው ያውቃል። የእንግሊዞቹ ሹገቤብስ እ.ኤ.አ. በ1998 በሦስት ልጃገረዶች ተቋቁመው በ2009 ከሦስቱ አንዲቱም ሳትቀር ስሙ በሌሎች ሲጠራ ብዙ ተወርቷል፤ መሥራቾቹ ስማቸውን መልሰው እስኪያገኙም ብዙ ዓመት ወስዶባቸዋል። እኛ ዘንድ ግን ዘፋኙ አንድ ነገር፣ ባንዱ ሌላ ነገር ነበረ። በካሴቱ ሽፋን ላይ ፎቶግራፉ የዘፋኙ ነው፤ የባንዱ ስም በትንንሽ ፊደል ከታች ይጻፋል፤ የድራም መቺው ስም ጨርሶ ላይጻፍ ይችላል። ከዚህም የተነሣ የመሣሪያ ተጫዋች መለወጥ በሕዝብ ዘንድ ሳይታወቅ ያልፋል። ይህ ለባንዱ ዕድሜ ጥሩ ነው፤ ለሰውየው ግን ክፉ ነው፤ መግባቱን ያላየ ሕዝብ መውጣቱንም አያይም። በቅርብ ዘመን ጃኖ ባንድ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ድምፃውያንን ከነሙዚቀኞቹ በአንድ ስም አሰልፎ ሲነሣ ይህን ልማድ ለመለወጥ ሞክሯል።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። በሐዋሳ ሰው እየለወጠ ሳይሞት የሚኖር የሙዚቃ ጓድ ለማየት ወደ ሆቴል መሄድ አያስፈልግም፤ በየወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናቱ ያሉትን መዘምራን ማየት ይበቃል። እነዚህ መዘምራን በብዙ ስፍራ በፊደል ይጠራሉ፤ «ሀ» መዘምራን፣ «ለ» መዘምራን፣ «ሐ» መዘምራን ይባላሉ። ፊደል ደግሞ የማንም ሰው ስም ስላልሆነ የማንም ንብረት አይሆንም። አንዲት እኅት ስታገባና ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ፣ አንድ ወንድም ሥራ ሲያገኝ፣ በምትካቸው ከታናናሾቹ ይመጣሉ፤ ካሴቱም በዚያው ፊደል ይወጣል። በአብዮቱ ዘመን በየቀበሌው የነበሩት የኪነት ቡድኖችም በስም አጠራራቸው እንዲሁ ነበሩ፤ ነገር ግን ያቆማቸው የመንግሥት ትእዛዝ ስለ ነበረ መንግሥቱ ሲሄድ አብረው ሄዱ።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረውን መዘምራን እዚህ ላይ ብጠቅስ አግባብ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ባንድ እንዴት እንደሚተካካ ያየሁት እዚያ ነው። በየዓመቱ በሰኔ የመጨረሻው ክፍል ይወጣል፤ በመስከረም አዲሶች ይገባሉ። ደንቡ ያልተጻፈ ነበረ፤ አዲሱ ልጅ ከነባሩ አጠገብ ይቆማል፤ አንድ ዓመት ሙሉ በጆሮው ድምፁን ይይዛል፤ ነባሩ ሲወጣ ቦታውን ይወርሳል። በአራት ድምፅ ነበር የምንዘምረው። አንድ ዓመት ግን ባስ የሚዘምሩት አምስቱም ልጆች የአንድ ክፍል ተማሪዎች ስለ ነበሩ ሁሉም አብረው ወጡ። በሚከተለው መስከረም የመዘምራኑ ስም ያው፣ መጽሐፉ ያው፣ ልብሱ ያው ነበረ፤ የሚዘመረው ግን በሦስት ድምፅ ብቻ ሆነ። የባሱን መንገድ የሚያስታውስ ስላልነበረ፣ አራተኛው ድምፅ ተመልሶ እስኪቆም ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ሲመለስም የቀድሞው አልነበረም፤ አዲሶቹ ልጆች የራሳቸውን መንገድ አበጅተው ነበር። የዋልያስን ታሪክ ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ይህ ነው።

በሆቴሎቹ ግን እንዲህ ያለ አጠገብ የመቆም ዘመን አይገኝም። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ያነጋገርኋቸው፣ በዕድሜ የገፉ አንድ የኪቦርድ ተጫዋች አሉ፤ ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ጋሼ ብዬ ቀርቤ ባንዱ የማን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፣ የሚክሰሩ ባለቤት እንደ ሆነ ሣቅ ብለው ነገሩኝ። ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። ድምፅ ማጉያው፣ ሚክሰሩ፣ ድራሙ፣ ብዙ ጊዜም ኪቦርዱ ሳይቀር የአንድ ሰው ነው፤ ከሆቴሉ ጋር የሚዋዋለው እርሱ ነው፤ ሌሎቹን በየማታው ወይም በየወሩ ይከፍላቸዋል። ሰው ሲለወጥ አዲሱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ዘፈኖቹን በስልኩ አዳምጦ ማታውኑ ይጫወታል። እኒህ ሰው በሐዋሳ በአራት ባንድ ውስጥ ሠርተዋል፤ ከአራቱ ሁለቱ ዛሬም በስማቸው አሉ። እርሳቸው ያበጁትን የመግቢያ ዜማ አንደኛው ባንድ አሁንም እንደሚጫወተው ሰምተዋል፤ የሚጫወተው ልጅ ግን ከማን እንደ መጣ አያውቅም።

በዚህ ረገድ ባለ ሚክሰሩን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ዕቃው በብዙ ገንዘብ የተገዛ ነው፤ ሆቴሉ ባይከፍል የሚከስረው እርሱ ነው። በአሜሪካም ቢሆን ከዚህ የባሰ ተደርጓል። ድሪፍተርስ የተባሉት ዘፋኞች ስማቸው የሥራ አስኪያጃቸው የጆርጅ ትሬድዌል ነበረ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1958 ሁሉንም በአንድ ቀን አሰናብቶ፣ ክራውንስ የሚባሉ ሌሎች ልጆችን ጠርቶ ከዛሬ ጀምሮ ድሪፍተርስ እናንተ ናችሁ አላቸው። በሚከተለው ዓመት አዲሶቹ ያወጡት ዘፈን ከቀድሞዎቹ ዘፈኖች ጋር የሚመሳሰለው በስም ብቻ ነበረ፤ በቫዮሊን የታጀበ ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ነበረ። ዘፈኑ እጅግ ተወደደ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ፈርሶ የተሠራ ቤት መጥፎ ቤት ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ሌላ ቤት ነው ማለቴ ነው።

በአገራችን ሕግ በኩል ያለውን ሁኔታ ባጭሩ ላመልክት። የባንድን ስም እንደ ማንኛውም የንግድ መጠሪያ፣ በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ማስመዝገብ ይቻላል። መብቱ የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ ማለት ስሙን መጀመሪያ ያሰበው ወይም ከሁሉ ይልቅ የደከመበት ሰው ሳይሆን ያስመዘገበው ሰው ነው የሚቀድመው። አምስት ሆነው ባንድ የሚያቋቁሙ ወጣቶች በአምስቱም ስም ቢያስመዘግቡና አንዱ ሲወጣ ምን እንደሚሆን በወረቀት ቢዋዋሉ የሚከለክላቸው የለም፤ ጓደኝነት እንዳይሻክር እየተባለ ይታለፋል እንጂ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን መሣሪያ ተጫዋቹንም ከዋኝ ብሎ ይጠራዋል፤ በተቀረጸ ክዋኔውም ላይ መብት ይሰጠዋል። የካሴት ሽፋን ስሙን ትቶት የነበረው ድራም መቺ በዚህ አዋጅ ስም አግኝቷል ማለት ነው። ዳሩ ግን መብቱ ሥራ ላይ የሚውለው ክዋኔው ሲቀረጽ ወይም ሲሠራጭ ነው፤ የሐዋሳ የሆቴል ሙዚቃ ደግሞ አብዛኛው በማታው ተሰምቶ በማታው የሚያልፍ ነው። የመግቢያ ዜማ ያበጀ ኪቦርድ ተጫዋች፣ ዜማው የእርሱ መሆኑን የሚያሳይ ቅጂ ሊኖረው የሚችለው ከመውጣቱ በፊት በስልኩም ቢሆን ቀርጾ ቀኑን ጽፎ ካስቀመጠው ነው። ያነጋገርኋቸው ሰው ይህን ከነገርኋቸው በኋላ አሁን በሚሠሩበት ባንድ የሚጫወቷቸውን ሰባት መግቢያዎች ቀርጸዋል፤ ከአጠገባቸው ለሚቆመው ወጣት ጊታር መቺም ሦስቱን አስተምረውታል።